ኪው፣ ቪ፣ ጄ፣ ዜድ ያለባቸውን የእንግሊዝኛ ቃላት እናንተ እንዴት ነው የምታገኙት?

ሀና ሲያትል · ሰኞ ምሽት

ሰላም ለዚህ ቤት። ስክራብል፣ ፊደል ሰሌዳ ላይ እየደረደሩ ቃል የሚሠሩበትን ጨዋታ፣ የሚጫወቱ ሰዎች እዚህ እንዳሉ ስላየሁ ነው የምጽፈው። እኛ ቤት ቅዳሜ ማታ ከልጆቹ ጋር እንጫወታለን። ሥራ ቦታ ደግሞ በምሳ ሰዓት ሁሉም ስልኩ ላይ ወርድል (ባለ አምስት ፊደሉን ቃል ገምት የሚባለውን ጨዋታ) ከፍቶ ነው የሚበላው። እንግሊዝኛው አያስቸግረኝም። የሚያስቸግረኝ ቃልን በፊደሉ መፈለግ ነው። ስለ ገበያ አውሪ ብባል ቃሉ ይጎርፋል። "ቪ ያለበት ባለ አራት ፊደል ቃል አምጪ" ስባል ግን እምቢ ይለኛል።

ሦስት ጥያቄ አለኝ። ኪው እጄ ገብታ ዩ ከሌለኝ ምን ላድርግ? ቪን የት ልጣላት? ወርድል ላይ አራቱ ፊደል አረንጓዴ ሆነው (ከነቦታቸው ተገኝተው) የመጀመሪያዋ ብቻ ስትቀርስ?

ትልቁ ልጄ ፊደል ስትሰጣቸው ቃል የሚዘረዝሩ ድረ ገጾችን መክፈት ማጭበርበር ነው ይለኛል። በዚህም ላይ ሐሳባችሁን ስጡኝ። የምንጽፈው በራሳችን ፊደል ስለሆነ ግር እንዳይል ቃላቱን ፊደል በፊደል ቁጠሩልኝ፤ ኪው-አይ እንደማለት።

የድሮው መምህር · ሰኞ ምሽት

ሀና ልጄ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው ያመጣሽው። እንግሊዝኛ ሳስተምር ኖሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። ስክራብልን ክፍል ውስጥ ብዙ ተጠቅሜበታለሁ።

መጀመሪያ ፊደሎቹ እንዴት እንደተመደቡ እወቂ። ጨዋታውን የፈለሰፈው አልፍሬድ ሞሸር በትስ የሚባል አሜሪካዊ አርክቴክት ነው። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1930ዎቹ ነው፤ የኢኮኖሚ ድቀቱ ሥራ አሳጥቶት ነበር። ኒው ዮርክ ታይምስን የመሳሰሉ ጋዜጦችን አስቀምጦ እያንዳንዱ ፊደል ስንት ጊዜ እንደሚመጣ ቆጠረ። የፊደሎቹን ብዛትና ነጥብ የወሰነው ከዚያ ተነስቶ ነው። ስክራብል የሚለው ስም የወጣው በኋላ ነው፤ በ1948 ጄምስ ብሩኖት ጨዋታውን ሲረከብ።

በጠቅላላው 100 ፊደል አለ፣ በፈለግሽው ፊደል ምትክ የሚገቡትን ሁለት ባዶዎች ጨምሮ። ኢ 12 ናት። ኤ እና አይ 9፣ 9። ኦ 8። ኪው፣ ዜድ፣ ጄ፣ ኤክስ እና ኬ ግን አንድ አንድ ብቻ ናቸው። ኤስ ደግሞ 4 ብቻ የሆነችው በትስ ሆን ብሎ ስለቀነሳት ነው። ሰው ሁሉ ቃል ላይ ኤስ እየቀጠለ ብዙ ቁጥር እያደረገ እንዳይገላገል ብሎ። ስለዚህ ኤስን ለትንሽ ነጥብ አታውጫት፤ ያዣት።

ከዚህ የምትወስጂው ይህን ነው። የሚያስቸግሩት ፊደሎች ጥቂት ናቸው። የሚያድኑሽ ቃላትም ጥቂት ናቸው። ለአንድ አስቸጋሪ ፊደል የደብተር አንድ ገጽ ይበቃል። መዝገበ ቃላቱን ከኤ እስከ ዜድ ልሸምድድ ካልሽ መንገድ ላይ ትቀሪያለሽ።

የኪው ገጽሽን ላስጀምርሽ። እነዚህ ሁሉ ዩ አይፈልጉም። ኪው-አይ፣ በቻይናውያን እምነት የሕይወት ኃይል ማለት ነው። ኪው-ኤ-ቲ፣ የኛው ጫት። ኪው-ኤ-ዲ-አይ፣ የሸሪዓ ዳኛ። ኪው-ኤ-አይ-ዲ፣ የሙስሊም አለቃ። ኪው-ኦ-ፒ-ኤች፣ የዕብራይስጥ ፊደል። ኤፍ-ኤ-ኪው-አይ-አር፣ ዓለምን የናቀ ድሃ መናኝ። ኪው-ኤ-ኤን-ኤ-ቲ፣ በመሬት ውስጥ የተቆፈረ የውሃ መስመር። ቲ-አር-ኤ-ኤን-ኪው፣ የሚያረጋጋ መድኃኒት። ለመነሻ በቂ ነው።

ዙርያሽ ዲሲ · ሰኞ፣ እኩለ ሌሊት አካባቢ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ በደንብ ነው ያስረዱት። እኔ እዚህ ክለብ ገብቼ ውድድር የምጫወት ሰው ነኝ። ከዘረዘሩት ሁሉ ኪው-አይን የሚያህል የለም። ምን ያህል እንደሆነ ሀናዬ በቁጥር ላሳይሽ።

ሰሌዳው ላይ ታክሲ የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ተጽፏል እንበል፤ ቲ-ኤ-ኤክስ-አይ። ከመጨረሻዋ አይ በላይ ያለው ቤት የፊደልን ነጥብ በሦስት የሚያባዛ ነው። ኪውን እዚያ አስቀምጪ። በቀኟ የራስሽን አይ አድርጊ። አሁን ኪው-አይ ወደ ጎንም ወደ ታችም ይነበባል። ኪው 10 ነጥብ ናት፣ በሦስት ስትባዛ 30። አይ 1። ወደ ጎን 31፣ ወደ ታች 31። በሁለት ፊደል 62 ነጥብ አገኘሽ ማለት ነው። ሰባት ፊደል ደርድሮ ይህን የማያገኝ ሰው ብዙ ነው።

ኪው-አይ እና ዜድ-ኤ በሰሜን አሜሪካው ዝርዝር የገቡት በ2006 ነው። ዜድ-ኤ የፒዛ ማሳጠሪያ ናት።

አሁን ዋናው ነገር። የትኛው የቃላት ዝርዝር ነው ቤታችሁ የሚሠራው? አሜሪካና ካናዳ የራሳቸው ዝርዝር አላቸው። ሌላው ዓለም በአብዛኛው የሚጫወተው በኮሊንስ ነው። ባለ ሁለት ፊደል ቃላት በአሜሪካው 107 ናቸው፣ በኮሊንስ 127። ዜድ-ኦ፣ ዜድ-ኢ፣ ሲ-ኤች፣ ጄ-ኤ በኮሊንስ ብቻ ነው ያሉት። ኦ-ኬ እንኳ ቃል ሆና የተፈቀደችው በቅርቡ ነው፤ አሜሪካ በ2018፣ ኮሊንስ በ2019። ጨዋታው ሳይጀመር ዝርዝሩን ካልተስማማችሁ ቅዳሜ ማታችሁ በክርክር ያልቃል።

ባለ ሁለት ፊደሎቹን ከምንም በፊት ያዢ። ኤክስን እይ፦ ኤ-ኤክስ፣ ኢ-ኤክስ፣ ኦ-ኤክስ፣ ኤክስ-አይ፣ ኤክስ-ዩ። አምስቱም አናባቢ ከኤክስ ጋር ይሄዳል። ለጄ ጄ-ኦ አለች። የሙዚቃ ኖታዎቹ ሁሉ ይፈቀዳሉ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶ፣ ላ፣ ቲ። የግሪክ ፊደሎቹም፣ ኤም-ዩ፣ ኤን-ዩ፣ ፒ-አይ።

ቪ ግን በሁለቱም ዝርዝር አንድም ባለ ሁለት ፊደል ቃል የላትም። ለዚህ ነው እጅ ላይ ስትቀር የምታስጨንቀው።

ቢኒ ኮደር · ማክሰኞ ጠዋት

የቪን ነገር እኔ በፍለጋ ነው የገባኝ።

ባለ አምስት ፊደል ሆነው መሃላቸው ላይ ቪ ያለባቸውን ፈልጉ። ፍለጋው ??ቪ?? ነው የሚሆነው። የጥያቄ ምልክት ማለት አንድ የማላውቀው ፊደል ማለት ነው። ሰቨን፣ ሪቨር፣ ኖቨል፣ ከቨር፣ ፊቨር፣ ሌቨር እየተባለ ይወርዳል። ዝርዝሩን ትኩር ብላችሁ ካያችሁት ቪ ኢን አስከትላ እንደምትቀመጥ ትረዳላችሁ፤ ከኋላዋ ኢ አለች። እንግሊዝኛ በቪ የሚያልቅ ቃል አይወድም። ለዚያ ነው ሃቭ፣ ጊቭ፣ ላቭ መጨረሻቸው ላይ የማትነበብ ኢ ያለቻቸው። ስለዚህ ሀና፣ ቪ ስትደርስሽ መጀመሪያ ኢ ፈልጊ። ከፊታቸው ኤ፣ አይ ወይም ኦ ጨምሪ። ኤ-ቪ-ኢ፣ አይ-ቪ-ኢ፣ ኦ-ቪ-ኢ። ጌቭ፣ ሴቭ፣ ፋይቭ፣ ዳይቭ፣ ሙቭ፣ ደቭ። ቃሉ ራሱ ይመጣል።

የፍለጋ መሣሪያን በተመለከተ ሰዎች ሁለት ነገር ይቀላቅላሉ። አንዱ "እነዚህ ፊደሎች በውስጡ ያሉበት ቃል" ነው። ሌላው "ከነዚህ ፊደሎች ብቻ የሚሠራ ቃል" ነው። ለወርድልና ለመስቀለኛ ቃላት የሚያስፈልግሽ የመጀመሪያው ነው። ለስክራብል ሁለተኛው። ድረ ገጽ ላይ የተሳሳተውን ሳጥን ሞልተሽ ከሆነ የማይረባ ዝርዝር ነው የሚመጣልሽ።

ለመጀመሪያው ሁለት ምልክት ብቻ እወቂ። ? አንድ ፊደልን ትተካለች። * ደግሞ ስንትም ፊደልን። *ኪው ብትዪ በኪው የሚያልቁትን ታገኛለሽ። ጄ*ኤክስ ብትዪ በጄ ጀምረው በኤክስ የሚያልቁትን፤ ጂንክስ ትመጣልሻለች። ዋንሉክ የሚባለው ድረ ገጽ በዚህ መንገድ ይሠራል። ኤክሴል ላይ የቃላት ዝርዝር ገልብጠሽ ፊልተር ብታደርጊም እነዚሁ ምልክቶች ያገለግላሉ።

ሊኑክስ ወይም ማክ ያላችሁ ደግሞ ግሬፕ በምትባለው ትእዛዝ ፈልጉ። እዚያ ነጥብ ናት አንድ ፊደልን የምትተካው። የቃሉ መነሻ በ^ ይታሰራል፣ መድረሻው በ$። ኤኔብል የሚባለው ነፃ የቃላት ፋይል ከ170 ሺህ በላይ ቃላት አሉት። እሱን አውርዶ ያለ ኢንተርኔት መፈለግ ይቻላል። ኮኔክሽን በሚቆራረጥበት ሰፈር ትልቅ ነገር ነው።

ለሁለተኛው ዓይነት ፍለጋ ከጀርባው ያለው ዘዴ ቀላል ነው። የቃሉን ፊደሎች በኤቢሲዲ ቅደም ተከተል ደርድሩ። ሊስን የሚለውን ስትደረድሩ ኢ-አይ-ኤል-ኤን-ኤስ-ቲ ይሆናል። ሳይለንትን ስትደረድሩም ያው ነው። የተደረደሩት አንድ ከሆኑ ከአንድ ፊደል የተሠሩ ናቸው። ኮምፒውተሩም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። እኔ እጄ ላይ ያሉትን ፊደሎች ሁልጊዜ እንዲህ ደርድሬ ነው የማስባቸው።

ማጭበርበር ነው ወይ ላልሽው፣ የሚወስነው መቼ እንደተከፈተ ነው። ጨዋታው መሃል ከከፈትሽ ልጅሽ ልክ ነው። ጨዋታው ካለቀ በኋላ "ያኔ ምን ነበር ያመለጠኝ?" ብለሽ ከከፈትሽ ግን ጥናት ነው። ከዚያ የበለጠ ጥናትም አላውቅም።

ሰሚር ዱባይ · ማክሰኞ ቀትር

ዩ የማይፈልጉት የኪው ቃላት ብዙዎቹ በዓረብኛ በኩል የመጡ ናቸው። እዚህ ባሕረ ሰላጤ ለምትኖሩ ሸምድዱ ማለት አያስፈልግም፤ በየቀኑ የምትሰሙትን ነው በእንግሊዝኛ የምትጽፉት። ከጋሼ ዝርዝር ላይ ኤን-አይ-ኪው-ኤ-ቢ እና ቢ-ዩ-አር-ኪው-ኤ የሚሉትን ጨምሩ፤ ኒቃብና ቡርቃ።

አንዲት ደግሞ አለች ብዙ ሰው የሚረሳት። ኤስ-ዩ-ኪው። ገበያ ማለት ናት፣ ሱቅ ያልነው ከዚህችው ነው። ዩ አለቻት፣ ግን ከኪው በፊት ነው የምትመጣው። ሰው ዓይኑ ኪው-ዩን ብቻ ስለሚፈልግ ይህቺን አያያትም።

ገነት ሃይፋ · ማክሰኞ ማታ

እኔ ደግሞ የዕብራይስጥ ፊደሎችን ላስታውሳችሁ። ስማቸው በስክራብል ይፈቀዳል፤ ለአስቸጋሪ ፊደሎች መድኃኒት ናቸው። ቪ ለሚያስቸግራት ለሀና ቪ-ኤ-ቪ አለችልሽ፣ ሁለት ቪ ባንድ ጊዜ ታወጪባታለሽ። ኪው-ኦ-ፒ-ኤች ተጠቅሳለች። ኬ-ኤ-ፒ-ኤች፣ ዜድ-ኤ-ዋይ-አይ-ኤን፣ ኤች-ኢ-ቲ-ኤች፣ ዋይ-ኦ-ዲ፣ አር-ኢ-ኤስ-ኤች አሉ። የእስራኤል ገንዘብ ስምም ኤስ-ኤች-ኢ-ኪው-ኢ-ኤል ተብሎ በኪው ይጻፋል።

ዳዊት የደገማችሁ ሰዎች ይህን አዲስ ነገር አታድርጉት። መዝሙር 118 ላይ በየክፍሉ አናት አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል፣ ዳሌጥ እያለ የሚወርደው ነው። ቅደም ተከተሉን በቃላችሁ ታውቁታላችሁ። የሚቀራችሁ የእንግሊዝኛውን አጻጻፍ ማየት ብቻ ነው።

የእንግሊዝኛ ፊደሎች ስምም ራሱ ቃል ነው። ቪ-ኢ-ኢ፣ ዜድ-ኢ-ዲ፣ ደብሊዩ-ዋይ-ኢ፣ ጄ-ኤ-ዋይ፣ ኢ-ኤፍ፣ ኢ-ኤም። ይህን ልጆች ቶሎ ይይዙታል።

ሜሮን ስድስት ኪሎ · ረቡዕ

ወርድልን ማንም አልመለሰላትም፣ እኔ ልሞክር።

ጨዋታውን የሠራው ጆሽ ዋርድል ነው። ለሕዝብ የተከፈተው በጥቅምት 2021 ነው (በፈረንጆቹ)። በጥር 2022 ኒው ዮርክ ታይምስ ገዛው። መልስ እንዲሆኑ መጀመሪያ የተመረጡት ቃላት 2,300 ገደማ ነበሩ። ሁሉም ሰው የሚያውቃቸው ቃላት ናቸው። ስለዚህ ከስክራብል ጋር አትቀላቅዪው። ኪው-ኤ-ኤን-ኤ-ቲ እዚህ አትጠቅምሽም። በኤስ የሚያልቅ ተራ ብዙ ቁጥርም መልስ ሆኖ የሚመጣው ከስንት አንዴ ነው። መልሶቹ ውስጥ የሚበዙት ኢ፣ ኤ፣ አር፣ ኦ፣ ቲ፣ ኤል፣ አይ፣ ኤስ፣ ኤን ናቸው። ስሌት (ኤስ-ኤል-ኤ-ቲ-ኢ) ወይም ክሬን (ሲ-አር-ኤ-ኤን-ኢ) ብሎ መጀመር ጥሩ የሆነው ከነዚህ ብዙዎቹን ባንዴ ስለሚፈትሹ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ኤ-ቲ-ሲ-ኤች አረንጓዴ ሆነ፣ የመጀመሪያዋ ጠፋች እንበል። ባች፣ ካች፣ ሃች፣ ላች፣ ማች፣ ፓች፣ ዋች ሁሉም ይሆናሉ። ሰባት ናቸው። የቀረሽ ሦስት ሙከራ ቢሆን አንድ በአንድ መሞከር እድል ነው። እንደሱ አታድርጊ። ክላምፕ ብለሽ ጻፊ፤ ሲ-ኤል-ኤ-ኤም-ፒ። መልሱ አለመሆኑን ታውቂያለሽ። ግን አራት ፊደል ባንድ ጊዜ ትጠይቂበታለሽ። ኤል ቢጫ ከሆነች (ቃሉ ውስጥ አለች፣ ቦታዋ ግን ሌላ ነው ማለት ነው) ላች ነው። ኤም ቢጫ ከሆነች ማች። ፒ ቢጫ ከሆነች ፓች። ሲ አረንጓዴ ከሆነች ካች። ከነዚህ አንዱም ካልሆነ ባች፣ ሃች፣ ዋች ብቻ ቀሩ፣ ሁለት ሙከራ ደግሞ በእጅሽ አለ።

ከባዱን ምርጫ ካበራሽው ግን ይህን አይፈቅድልሽም፣ ያገኘሻቸውን ፊደሎች እንድትደግሚ ያስገድዳል። ስለዚህ ከባዱ ላይ ስትጫወቺ አራት አረንጓዴ ቶሎ ማግኘት ሁልጊዜ ጥሩ አይደለም። መጀመሪያ ብዙ ተነባቢ ፈትሺ።

የድሮው መምህር · ረቡዕ ማታ

ሜሮን፣ ጎበዝ። የክላምፑ ነገር ለተማሪ ሁሉ የሚሆን ነው።

አንድ ነገር ግን ልናገር። ቃልን ያለ ትርጉሙ መሰብሰብ አልወድም። ኪው-አይን የሚጽፍ ልጅ ምን ማለት እንደሆነ ካልገባው 62 ነጥብ አግኝቶ ምንም አላተረፈም። እኔ ተማሪዎቼን ሳስጽፍ ደብተሩ አራት ዓምድ ነበረው። ፊደሉ፣ ቃሉ፣ ትርጉሙ፣ ራሱ የሠራው አንድ ዓረፍተ ነገር። ዓረፍተ ነገሩን ያልጻፈ ቃሉን አይጠቀምባትም ነበር። ሀናም ከልጆቿ ጋር እንዲህ ብታደርግ ደስ ይለኛል።

ዙርያሽ ዲሲ · ረቡዕ ማታ

ጋሼ፣ ለትምህርት ከሆነ እውነትዎን ነው። ለውድድር ግን ሌላ ነው። ናይጀል ሪቻርድስ የሚባል የኒውዚላንድ ሰው አለ። የእንግሊዝኛውን የዓለም ሻምፒዮና አምስት ጊዜ ወስዷል። በ2015 ደግሞ ፈረንሳይኛ ሳይናገር የፈረንሳይኛውን ሻምፒዮና አሸነፈ። በ2024 ግራናዳ ላይ የስፓኒሹን። ትርጉም አይደለም የያዘው፣ የፊደሎቹን አቀማመጥ ነው።

እኛም ክለብ ውስጥ የምናጠናው በአቀማመጥ ነው። ሬቲና የሚለውን ቃል ውሰዱ፤ አር-ኢ-ቲ-አይ-ኤን-ኤ። ስድስቱም የሚበዙ ፊደሎች ናቸው፣ እጅ ላይ ቶሎ ይሰበሰባሉ። ሰባተኛ ሆነው ለሚመጡት ለአብዛኞቹ ፊደሎች ቃል አለ። ሲ ስትመጣ ሰርተን። ዲ ስትመጣ ትሬይንድ። ኤፍ ስትመጣ ፌይንተር። ጂ ስትመጣ ግራኒት። ኤች ስትመጣ ሄርኔት። ኬ ስትመጣ ኬራቲን። ፒ ስትመጣ ፔይንተር። ኤስ ከመጣችማ ሪቴይንስ፣ ናስቲየር፣ ስቴይነር፣ ሬትሲና ሁሉም ይሆናሉ። ሰባቱንም ባንዴ ሲያወጡ 50 ነጥብ ጉርሻ አለ። ስለዚህ የሚቀመጡትን ፊደሎች ሳይ እጄ ላይ ምን እንዳለ ብቻ አይደለም የማየው። እጄ ላይ የማስቀራቸው ወደ ሬቲና ይጠጉ እንደሆን አያለሁ።

ሌላው ማንጠልጠል ነው፤ በተጻፈ ቃል ጫፍ አንድ ፊደል መቀጠል። ሌት የሚለውን እዩ፣ ኤል-ኤ-ቲ-ኢ። ከፊት ኤስ፣ ፒ ወይም ኢ ስትጨምሩ ስሌት፣ ፕሌት፣ ኢሌት ይሆናል። ከኋላ አር፣ ዲ፣ ኤን ወይም ኤክስ ይቀበላል። በኤክሱ ሌቴክስ ሆነ። ኤክስን ያወጣችሁት በሰው ቃል ጫፍ ነው። የራሳችሁንም ቃል በሌላ አቅጣጫ ከሷ ጀምራችሁ ትጽፋላችሁ፣ ሁለቱም ይቆጠራል። ዚዚቫ የሚባለው የማጥኛ ፕሮግራም ቃሉን ስትጽፉለት በፊትና በኋላ የሚቀበላቸውን ፊደሎች ለይቶ ያሳያል።

የድሮው መምህር · ረቡዕ ማታ

የሰውየውን ችሎታ አከብራለሁ ልጄ። የአንዱ ሊቅ መንገድ ግን የቤተሰብ መንገድ መሆን የለበትም። ሀና ልጆቿን ይዛ ነው የምትጫወተው። ሬቲናን ሲያዩ ዓይን ውስጥ ያለች የምታይ ሽፋን እንደሆነች ይወቁ። ኬራቲን በጥፍርና በጸጉር ውስጥ እንዳለ ይወቁ። ይህን የሚያውቅ ልጅ ፊደሎቹን አይረሳም። በዚህ አልስማማም።

ሰሚር ዱባይ · ሐሙስ

ሁለታችሁንም የሚያስታርቅ ከአፍሪካ አለ። በ2015 ፐርዝ ላይ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ናይጄሪያዊው ዌሊንግተን ጂጌሬ ነው። ከአፍሪካ የመጀመሪያው። ናይጄሪያ ውስጥ ስክራብል ክለብና አሠልጣኝ ያለው ጨዋታ ነው። ተጫዋቾቻቸው ረጅሙን ቃል ከማውጣት ይልቅ ባለ አምስት ፊደል መርጠው ጥሩ ፊደሎችን እጃቸው ላይ በማቆየት ይታወቃሉ። ያ በሽምደዳ ብቻ የሚገኝ አይደለም፣ ቁጭ ብሎ ማሰብ ነው። እኛስ አገር ትምህርት ቤቶች ይህን ለምን አይዙትም? ሰሌዳው አንድ ጊዜ ከተገዛ ዓመታት ያገለግላል። ለእንግሊዝኛ ትምህርት ደግሞ ከዚህ የተሻለ ምን አለ?

ትዕግሥት አዳማ · ሐሙስ

ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፣ ተባረኩ። የዓረብኛና የዕብራይስጥ ቃላት ካሉ የኛስ? የኢትዮጵያ ቃላት ዝርዝሩ ውስጥ የሉም?

ዙርያሽ ዲሲ · ሐሙስ ማታ

አሉ እንጂ ትዕግሥትዬ! ይህን መጻፍ ደስ ነው የሚለኝ።

ጤፍ አለ፣ ቲ-ኢ-ኤፍ-ኤፍ። ኤፍ 4 ነጥብ ስለሆነች ብቻዋን 10 ነጥብ ታወጣለች። ራስ አለ፣ የማዕረግ ስሙ፣ አር-ኤ-ኤስ። ብዙ ቁጥሩ አር-ኤ-ኤስ-ኢ-ኤስ ነው። ንጉሥ ኤን-ኢ-ጂ-ዩ-ኤስ ተብሎ ይጻፋል። ጭላዳ ጂ-ኢ-ኤል-ኤ-ዲ-ኤ ነው፣ ከኛ ደጋ ሌላ የትም የማይገኘው። ኮሶ ሁለት አጻጻፍ አለው፤ ሲ-ዩ-ኤስ-ኤስ-ኦ እና ኬ-ኦ-ዩ-ኤስ-ኤስ-ኦ። ጫት ደግሞ ሦስት። በኪው-ኤ-ቲ፣ በኬ-ኤ-ቲ እና በኬ-ኤች-ኤ-ቲ። እጅሽ ላይ ባለው ፊደል ትመርጫለሽ።

ከሁሉም የምወደው ግን ብር ነው። ቢ-አይ-አር-አር ይፈቀዳል። ብዙ ቁጥሩ በእንግሊዝኛው ሥርዓት ብቻ አይደለም የተመዘገበው፣ በኛም ነው፦ ቢ-አይ-አር-አር-ኦ-ቲ-ሲ-ኤች። ብሮች። ስምንት ፊደል ነው። ሰሌዳው ላይ አንዷ፣ ለምሳሌ ኦ፣ ተቀምጣ ከተገኘች ሰባቱን ከእጅሽ አውርደሽ ትጨርሺዋለሽ። የፊደሎቹ ነጥብ 15፣ ጉርሻው 50። አማርኛ የማያውቅ ተጋጣሚ "ይህ ቃል አይደለም" ብሎ ሊቃወምሽ ይችላል። ይቃወም። ዝርዝሩ ካንቺ ጋር ነው። በአሜሪካው ሕግ ያለ አግባብ የተቃወመ ሰው ተራውን ያጣል።

ቢኒ ኮደር · ሐሙስ ማታ

ብሮችን አሁን ፋይሉ ውስጥ ፈለግኳት። አለች። በ*ኦ-ቲ-ሲ-ኤች ነው የፈለግኩት፤ ዝርዝሩ ውስጥ ቁጭ ብላለች፣ ከሆፕስኮች እና ከበተርስኮች ዘመዶቿ ጋር። ጋሼ፣ ይህቺን እንኳ ያለ ትርጉም የሚሸመድድ አይኖርም።

ሀና ሲያትል · ዓርብ

ምን ብዬ ላመስግናችሁ። ደብተሩን ከፍቻለሁ፣ በጋሼ አራት ዓምድ። ኪው አንድ ገጽ፣ ቪ አንድ ገጽ፣ የኛ ቃላት አንድ ገጽ። ፍለጋውንም ከጨዋታ በኋላ ብቻ እንዲሆን ከልጄ ጋር ተስማምተናል። የምንጫወተው በአሜሪካው ዝርዝር ነው።

አንድ የቀረኝ ነገር፦ ኪው-ኤ-ቲ ላይ ኤስ መቀጠል ይቻላል? ኪው-አይ ላይስ?

ዙርያሽ ዲሲ · ዓርብ

ሁለቱም ላይ ይቻላል። ኪው-ኤ-ቲ-ኤስ፣ ኪው-አይ-ኤስ። ብሮች ላይ ግን አይቻልም፣ እሷ ራሷ ብዙ ቁጥር ናት። ብር ላይ ኤስ መቀጠል ይፈቀዳል።